ጎጆ ለቆሎ ተማሪ የቀለሰ አገር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ ለረጅም ዓመታት በመምህርነት አገልግዬ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በመናኸሪያው ዙሪያና በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ሱቆች በረንዳ ላይ ልጆቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው የሚያድሩት ሴቶች ጉዳይ ነው። ስለ እነርሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወይ ምጽዋት ነው ወይ ከመንገድ ላይ ማንሳት ነው፤ እኔ የምለው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እነዚህ ሴቶች ከበረንዳ ወደ ኪራይ ቤት የሚሻገሩበት፣ በር ያለው፣ ቁልፉም በእጃቸው የሚሆን፣ ለተወሰኑ ወራት ከድጋፍ ጋር የሚቆዩበት ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጋቢ ደርቦ እሳት ለሚሞቀው ሰው እንኳ የሚከብድ ነው፤ ዝናቡ ወደ በረንዳው በሚያዘነብልበት ሌሊት ደግሞ እናቲቱ ልጇን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ፣ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ብርዱ ብቻ ቢሆን ደግሞ እሰየው ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚደርስባቸውን በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘርዝሬ መጻፍ አልፈልግም፤ አንባቢ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ከእድራችን ሴቶች ጋር ሆነን በዓል ሲደርስ ምግብ ይዘን እንሄድ ስለነበር ከየት እንደመጡ ከራሳቸው አንደበት የመስማት ዕድል አግኝቻለሁ። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ተድረው ከባል ቤት የሸሹ ናቸው። አንዳንዶቹ በደላላ በኩል በቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ማርገዛቸው በታወቀ ማግስት ከነልብሳቸው በር ላይ የተተዉ ናቸው። ከዐረብ አገር ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ለመግባት ያፈሩም አሉ፤ ባለፉት ዓመታት በተከሰተው ግጭት ቤታቸውን ጥለው የወጡም ተጨምረዋል። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ስንፍና አይደለም። ጉልት ተቀምጠው፣ ልብስ አጥበው፣ በሰው ጠላ ቤት ጌሾ ወቅጠውና ውኃ ቀድተው የማያውቁ ሴቶች በረንዳ ላይ አላገኘሁም። የሠሩበት ገንዘብ የሚያልቀው ለዕለት ጉርስና አንዳንድ ሌሊት ለሚያድሩበት ቤርጎ ነው። በየሌሊቱ ለቤርጎ የሚከፈለው ገንዘብ ወር ላይ ሲደመር ከአንዲት ጠባብ ክፍል የወር ኪራይ ይበልጣል፤ ነገር ግን የወሩን ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚያቀርብ እጅ ስለሌላቸው በዚያው አዙሪት ውስጥ ይኖራሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ መጨረሻ የስምንት ወር ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት በግቢዬ ባለችው ሰርቪስ ክፍል እንድታድር አደረግሁ። ያሰብኩት ዝናቡ እስኪያባራ ለጥቂት ቀን ነበር። ቁልፉን በእጇ ሳስቀምጥላት ቆማ ስታገላብጠው ቆየችና፣ «እትዬ፣ ከውስጥም ይቆልፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቆልፋል ብዬ አሳየኋት። ሦስት ጊዜ ያህል ራሷ ከውስጥ ቆልፋ፣ ከፍታ፣ መልሳ ቆልፋ ካረጋገጠች በኋላ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የመጀመሪያውን ሳምንት ፍራሹ እያለ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ጠዋት ቁርስ ይዤ ስሄድ ከበሩ ጀርባ የምሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ከወለሉ ላይ ስትነሳ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጫማዋ ከፍራሹ ግርጌ ተቀምጦ አየሁት።

ጥቂት ቀን ያልኩት አሥራ አንድ ወር ሆነ። በዚያ ጊዜ የተማርኩት ዋና ነገር ቢኖር ጣሪያው ከሁሉ ቀላሉ መሆኑን ነው። ከባዱ ከጣሪያው በኋላ የመጣው ነው። የሕፃኑን የክትባት ካርድ እንደገና ማስወጣት፣ እርሷ ለሥራ ስትወጣ ልጁን የሚይዝላት ሰው መፈለግ፣ ሌሊት እየባነነች ስትጮኽ አጠገቧ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ለዚህ የመጨረሻው እኔ ሙያው የለኝም። ከሁሉም በላይ ግን ያደከመን የመታወቂያው ነገር ነበር። መታወቂያ ሊሰጣት ይገባል ወደተባልንበት ጽሕፈት ቤት ይዣት ስሄድ፣ ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ እንድታመጣና የምትኖርበትን ቤት ቁጥር እንድታቀርብ ተነገራት። መሸኛውን ለማምጣት መሄድ የነበረባት ደብድቦ ወዳባረራት ሰው ቀበሌ ነው። የቤት ቁጥር እንዳታቀርብ ደግሞ መታወቂያ የሌለውን ሰው የሚያከራይ አልነበረም። እኔ የቤቴን ካርታ ይዤ ዋስ ሆኜ፣ አምስት ወር ተመላልሰን መታወቂያው ወጣ። አምስት ወር የሚመላለስላት ሰው የሌላት ሴት ምን ታደርጋለች? ሠራተኞቹን ክፉዎች ናቸው አልልም፤ የተሰጣቸው መመሪያ ቤት ለሌለው ሰው የሚሆን መስመር የለውም። ይህ ግን በከተማ አስተዳደር ደረጃ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ማረፊያ በሕጋዊ መንገድ ቢቋቋምና የማረፊያው የቤት ቁጥር ለነዋሪዎቹ እንደ አድራሻ ቢታወቅ፣ አዙሪቱ በዚያው ይበጠሳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እንደ ጎጃም ሰው የሚያንገበግበኝም እርሱ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ቁጥጥር ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በክልላችንም የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ስማቸው ሰፍሮ፣ ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ተለጥፎ ተሰጥቷቸዋል። በቤተሰብ ሕጉም መሠረት ጋብቻ ሲፈርስ የጋራ ንብረት ለሁለቱ እኩል ይካፈላል። እንግዲህ በረንዳ ላይ ከሚያድሩት ሴቶች መካከል በወረዳዋ በደብተር የሰፈረ መሬት ያላት፣ የጤፍ ማሳዋን ሌላ ሰው የሚያርሰው ሴት አለች ማለት ነው። መብቷን ታውቀዋለች። ሆኖም ለወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ብታቀርብ ቀጠሮው ከወር ወር ይተላለፋል፤ መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ ትጠየቃለች፤ ለቀጠሮው ስትመላለስ የምታድርበት የላትም። በመጨረሻ በሽማግሌ ተለምና ጥቂት ብር ተቀብላ ትተወዋለች፤ ወይም ጭራሹን ሳትከስ ትቀራለች። ለስምንት ወይም ለአሥር ወር የምታርፍበት ቤት ብታገኝ፣ በዚያ ጊዜ ድርሻዋን አስከብራ፣ ወይ ወደ መሬቷ ተመልሳ ወይ አከራይታው በከተማ ኑሮዋን ልትመሠርት በቻለች ነበር። ስለዚህ ማረፊያው ለአንዳንዷ ሴት ምጽዋት ሳይሆን የራሷን ንብረት የምታስመልስበት ጊዜ ነው።

ይህን ሐሳብ ለሰው ስናገር «ይህ የውጭ አገር ሥርዓት ነው፣ ለእኛ አይሆንም» የሚሉኝ አሉ። በዚህ አልስማማም። ጎጃም ለተወሰነ ጊዜ ማስጠለልን ከማንም አልተማረም። ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ከሩቅ አገር ቅኔ ሊቆጥር የመጣውን ተማሪ፣ ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን አያቶቻችን ምግቡን አልከለከሉትም፤ ጎጆ የሚቀልስበትን ቦታም አልነፈጉትም። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብለው መሸኛ አልጠየቁትም። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ትቷት የሚሄደውን ጎጆ ከኋላው የመጣው ይገባባታል። ጎጆዋ የማንም ሰው ርስት አልነበረችም፤ ሰው ሆኖ የሚወጣባት ነበረች። እኔ ለእነዚህ ሴቶች የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ገብተው፣ አርፈው፣ የጎደላቸውን ሞልተው፣ ለምትመጣዋ ለቀው የሚወጡባት ጎጆ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ ጎጆ ወጣች ይባላል፤ እነዚህ ሴቶች ጎጆ የሚወጡት ያለ ድግስና ያለ ጥሎሽ፣ ብቻቸውን በመሆኑ ድጋፉ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

በአገራችን ይህን የሞከሩ አሉ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት መጠለያ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና በአንድ ላይ በመስጠት ይታወቃል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ልምዱ አለ፤ ባለሙያውም አለ። ይሁን እንጂ ከደጀን ወይም ከቢቸና ገጠር የወጣች ሴት አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ መጠለያ ትፈልግ ማለት፣ ከዘመድም ከችሎትም ከመሬቷም ማራቅ ነው። አገልግሎቱ እርሷ ወዳለችበት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ሞጣ መቅረብ አለበት።

አንድ ትልቅ ሕንፃ ተሠርቶ ሪባን እንዲቆረጥ አልጠይቅም። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ ከተሞቻችን የቀበሌ ቤት የሚባል ሀብት አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሰው ሲለቅ ወይም ሲሞት የሚለቀቁ ጥቂት ክፍሎች ለዚህ ተግባር ቢመደቡ፣ ለመጀመር አሥር ክፍል ያለው አንድ ግቢ ይበቃል። ክፍሎቹ ለየብቻ ይሁኑ፤ በአዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ደርድሮ ማሳደር ለአንድ ሌሊት እንጂ ለወራት አይሆንም፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ የሞከረችው ልጅ ይህን አስተምራኛለች። ዘበኛዋ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። ልጆቹን ቀን ቀን የሚይዝ አንድ ሰው ከሌለ ግን እናቶቹ ሥራ ሊይዙ ስለማይችሉ ሌላው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በጀት ከጠበበ ከሌላው ተቀንሶ ለዚህ ይሰጥ። ማኅበራዊ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ብትመጣ፣ መታወቂያውን፣ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮና የጤና ጣቢያውን ጉዳይ ትከታተላለች። ሴቶቹ ከሚያገኙት ገቢ በየሳምንቱ ትንሽ እየቆጠቡ፣ ሲወጡ የሁለት ወር ኪራይ በእጃቸው ይዘው ይውጡ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ ስለሚከለክል ግባቸው ይታወቃል።

አከራይ ተያዥ መጠየቁ ግን አይቀርም። እዚህ ላይ እድሮቻችን ሊገቡ ይችላሉ። እድር ለቀባሪ የሚደርስ ብቻ ሆኖ እንዲቀር ማን ወሰነ? አንድ እድር በዓመት ለሁለት ሴቶች ተያዥ ልሁን ቢል፣ ገንዘብ ሳያወጣ በስሙ ብቻ ሁለት ቤተሰብ ከበረንዳ ያስነሳል። ሴቲቱም ስትወጣ የእድሩ አባል ሆና ብትቀጥል፣ ሐዘን ቢደርስባት የሚደርስላት፣ ብትታመም የሚጠይቃት ጎረቤት አገኘች ማለት ነው። ወደ በረንዳ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ማጣት ብቻ ሳይሆን፣ ማጣት ሲመጣ የሚነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

«ቤት ይሰጣል ከተባለ ገጠሩ ሁሉ ይጎርፋል» የሚለውን ስጋት ከአንድ ሁለት ኃላፊዎች ሰምቻለሁ። ስጋቱን አልንቀውም፤ አሥር ክፍል ለሁሉም አይበቃም። ነገር ግን የሕፃን ልጅ እናት ሞቅ ያለ ቤቷን ትታ አንዲት ክፍል ፍለጋ በረንዳ ላይ ልትተኛ አትመጣም። ማን ይግባ ማን ይቆይ የሚለውንም የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የእድር ተወካዮች በጋራ ቢወስኑት ለአድልዎ የሚሰጠው ክፍተት ይጠብባል።

በእኔ ግቢ የነበረችው ልጅ አሁን በሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ልጇም መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። ሰርቪሷ ክፍል ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴቶችን አስተናግዳለች፤ ሦስተኛዋን መቀበል ጤንነቴ አልፈቀደልኝም፤ ለእርሷም በሩን ዘግቼ ስመልሳት የሄደችው ወደዚያው በረንዳ ነበር። በአንድ ጡረተኛ አቅም የሚሠራው ይህን ያህል ነው።

የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ በመጪው ወር ይሰበሰባል። የተያዥነቱን ሐሳብ በአጀንዳ አስይዣለሁ፤ ለከተማው አስተዳደርም ስለ ቀበሌ ቤቶቹ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ይህ ደብዳቤ ከጉባኤው በፊት ቢታተምልኝ ቅጂውን ይዤ ቀርቤ ለአባላቱ አነበዋለሁ፤ በሌሎች የጎጃም ከተሞች ያሉ እድሮችም ተመሳሳይ ነገር የጀመሩ ከሆነ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ መምህርት፣
ደብረ ማርቆስ