መሳቢያዬ ውስጥ ስላሉት ልብ ወለዶች

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የቢሮዬ ጠረጴዛ የቀኝ መሳቢያ ሞልቶ አልዘጋ ብሎኛል። ያለበት ሁሉ መምህራን ከክፍል ነጥቀው ያመጡልኝ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ፣ የመጫወቻ ካርታ፣ አንድ ፊሽካ፣ ከሁሉም በላይ ግን አሥራ አንድ ልብ ወለዶች። ከእነሱ አንዱ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑ በልክ ተቆርጦ ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል። የመጽሐፉ ባለቤት ለፊዚክስ የቤት ሥራው ይህን ያህል ሲጠበብ አይቼ አላውቅም።

ያንን መጽሐፍ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ማታ ምን ቢሆን ነው ብዬ ገለጥ አደረግሁት፤ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አሁንም እያነበብሁ ነበር። ልጁ የደረሰበትን ገጽ ጠርዙን አጥፎ አመልክቷል። ከዚያ ሦስት ገጽ ቀጥሎ የባለታሪኩ ታናሽ እኅት ከቤት ትጠፋለች። ልቡን አንጠልጥዬ ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልኬዋለሁ ማለት ነው። በማግሥቱ ጠርቼ ስመልስለት በመሐሉ የረሳሁትን ደረሰኝ አየና «የት ደረሱ?» አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ ባነሣችሁት ቅሬታ የተነሣ ነው። «የፍቅር ታሪክ እንጂ ሌላ አታነብም»፣ «አንዱን መጽሐፍ ሦስተኛ ጊዜ ይዞታል»፣ «ቁም ነገር የለውም»። ገብቶኛል። ለዚህ ዕድሜ ከሚጻፉት ውስጥ ደካማ የሆኑ ሞልተዋል፤ ለምን ሁሉም ጀግና ሴት ልጅ በሁለት ወንዶች መካከል መዋለል እንዳለባት እስከ አሁን የነገረኝ የለም። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ አነሣሥ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። በአሜሪካ ኤስ ኢ ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለውን ልብ ወለድ መጻፍ ስትጀምር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። የጻፈችውም ስለ እኩዮቿ የሚቀርበው ታሪክ ሁሉ እሷ የምታውቃቸውን ልጆች አልመስል ስላላት ነው። ልጆቻችን በእነዚህ መጻሕፍት የሚፈልጉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ የሚመስላቸውን ሰው። ደግሞ መላልሶ ማንበብ ስንፍና አይደለም። የሚወዱት ሰው ቤት ተመልሶ እንደመሄድ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የ15 ዓመት ተማሪዎችን ሲጠይቅ፣ በአባል አገሮቹ ግማሽ ያህሉ የሚያነቡት ሲገደዱ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። ስልክ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን እኛ ትምህርት ቤቶችም እጃችን አለበት፤ ከእያንዳንዱ ታሪክ ሥር አሥር ጥያቄ እየደረደርን ንባብን ፈተና አደረግነው። እናንተም ቤት ውስጥ «ምን ተማርህበት?» ስትሉ አሥራ አንደኛውን ትጨምራላችሁ። ይልቅ «ማን ነው የሚያናድድህ?» በሉት። መልሱ ረዥም ነው።

ስለ ይዘት የምትሰጉ አላችሁ፤ ሞት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ከወላጅ መጣላት። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ልጃችሁ እነዚህን ነገሮች ቀድሞ በስልኩ አግኝቷቸዋል፣ ያውም መነሻና መድረሻ በሌለው ቁራጭ። መጽሐፉን ከመከልከላችሁ በፊት አንብቡት። አንብባችሁ ካላመናችሁበት ቢሮዬ ክፍት ነው፤ ሽፋኑን ብቻ አይታችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስነብባችኋለሁ።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከረፍት በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች የንባብ ናቸው። ተማሪው የመረጠውን ያነባል፤ የሥዕል ታሪክም ቢሆን። ያልጣመውን ትቶ ሌላ መያዝ ይችላል። ጥያቄ የለም፣ ነጥብ የለም። መምህራንም ያነባሉ፤ እኔም እንዲሁ። በስልክ ማንበብ ግን አይፈቀድም። በስልካቸው ልብ ወለድ የሚያነቡ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከማያነቡት የምለይበት ዘዴ ግን የለኝም።

ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። ንባብን ቅጣት አታድርጉት። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ መብራቱ ግን ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢጠፋ አትቆጡ።

በመሳቢያዬ የቀሩትን አሥሩን ልብ ወለዶች ባለቤቶቻቸው ዓርብ ከትምህርት በኋላ መጥተው ይውሰዱ፤ ለምን ክፍል ውስጥ እንዳነበቡ አልጠይቅም። ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ባለቤት ግን እስከ ሰኞ ብትታገሠኝ ደስ ይለኛል። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህሩ