ስብሰባው ለምን ቅዳሜ ሆነ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጣና ዳር ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ እንደሌላቸው አድርጋችሁ ያወጣችሁት ዘገባ በመምህራኑ ሁሉ ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሳታስተውሉት ያለፋችሁት አንድ ነገር ነው፦ «ወላጅ አልተገኘበትም» ያላችሁት ስብሰባ የተጠራው ቅዳሜ ጠዋት ነበር።

ቅዳሜ እኮ የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ነው! የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ይዞ የሚወጣበት ቀን ነው። ዓሣ አስጋሪውም ማታ የጣለውን መረብ ጎሕ ሲቀድ ያወጣል፤ ዓሣው ሳይበላሽበት እስኪሸጥ ረፋዱ ያልፋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትማ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ጭራሽ ፋታ የለውም። ይህን ሰው ግዴለሽ ማለት ግፍ ነው። በጣና ዳር የሚኖረውን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ፎቶ አንስታችሁ አወጣችሁ፤ ከባለ ታንኳዎቹ ግን አንድ ወላጅ እንኳ አልጠየቃችሁም።

በልጅ እጅ የሚላክ የጥሪ ወረቀትም መፍትሔ አይሆንም። ማንበብ ለማይችል ወላጅ የሚያነብለት ያው ልጁ ነው፤ ጥፋት ካለበት ወረቀቱ ደብተር ውስጥ ይቀራል። መምህሩ ሰው ወደተሰበሰበበት ይሂድ። የእድሩን ዳኛ ቀድሞ አነጋግሮ በወርኃዊው ስብሰባ 10 ደቂቃ ይለምን፤ ከዚያ አይለፍ። ነገደ ወይጦዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይገኙም፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቻቸውን ማነጋገር ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን ስለ መዋጮ ከተነሳ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ መምህር በመጣ ቁጥር ሰው ገንዘብ ሊጠይቅ ነው ብሎ ይሸሻል።

ቤት ለቤት ሲኬድ ሁለት ሆኖ፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ ነው። መጀመሪያ ልጁ የበረታበትን አንድ ነገር በስም ጠርቶ መናገር፣ ጉድለቱን ከዚያ በኋላ ማንሳት። ስለ መንሳፈፍ በሚማሩበት ሳምንት ደግሞ ታንኳ የሚሠራ አባት ክፍል ይጋበዝ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል የተባለው የውኃ ዳር ተክል ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ውኃ ሲጠጣ ለምን እንደሚከብድ፣ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ለምን እንደሚደርቅ ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ሥራውን ትቶ ነውና የሚመጣው ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አይያዝ። ልጁ አባቱን በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስተምር ካየ፣ አባትየውም በሚቀጥለው ጊዜ የትምህርት ቤቱን በር አይፈራም።

በወላጅ መምህር ኅብረቱ ኮሚቴም የሚመረጡት ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጎረቤቶች ናቸው። ከዓሣ አስጋሪዎች አንድ ሰው ቢኖርበት ቅዳሜ ጠዋት እንደማይሆን ያኔውኑ ይናገር ነበር።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን።

ከአንድ መምህር፣ ባሕር ዳር