ጋሼን በክብር እንሸኛቸው

ውድ አባላት፣

ጋሼ በዚህ ወር ጡረታ ይወጣሉ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በማህበራችን «ጋሼ» ሲባል ሁሉም ማን እንደሆኑ ያውቃል። ሥራቸው የፖሊሲ ጉዳይ ባለሙያ ይባላል። እኛ የምናውቃቸው ግን አዋጅ በብብታቸው ሸጉጠው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ነው።

ሐምሌ 2009ን ታስታውሳላችሁ። ግብር ሰብሳቢው ለግብር ብሎ የገመተልን የቀን ገቢ ሲመጣ ስንቱ ደነገጠ! ያን ሰሞን ሁላችንም ስንጮህ ጋሼ ደብተር አወጡ። የደረጃ ሐ ነጋዴዎችን፣ ማለትም በግብር ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉትን ትናንሽ ነጋዴዎች፣ አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ በበዓል ሰሞን ስንት፣ በጾም ስንት እንደሚሸጡ ጠየቁ። ሥጋ ቤት በሁዳዴ ምን ይሸጣል? ቅሬታችን በቁጥር የተጻፈው በእሳቸው ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካ፣ «ይሄ ለትልልቆቹ ነው» ብለን ተውነው። እሳቸው አነበቡት። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋም እንደሚችል መጀመሪያ የሰማነው ከእሳቸው አፍ ነው። ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሚስቱን በወረቀት ሸሪክ ያደረገ ሁሉ ያን ቀን ሳቀ።

እርግጥ ስብሰባ ያስረዝማሉ። «አንቀጹን ልብ በሉ» ካሉ ምሳ ቀረ ማለት ነው።

ሽኝቱ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሻችን ነው። ቡና ይፈላል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። ለስጦታ ጋቢ አስበናል፤ መዋጮውን ለገንዘብ ያዣችን ስጡ። የሠሩላችሁን ነገር በአጭሩ ጽፋችሁ አምጡ፤ ጠርዘን እንሰጣቸዋለን። ፋይሎቹን ማን እንደሚረከብም እዚያው እንነጋገራለን። እስካሁን እጁን ያወጣ የለም።