የሞተው እንስሳ ሳይመረመር አይቀበር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የእንስሳትና የዕፅዋት ማቆያ ስምንት ጦጣዎች ሞተው ተገኙ። በኋላ ቁጥሩ 12 ደረሰ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል ደ ብራዛ የሚባለው ባለ ነጭ ጺሙ ጦጣ ይገኝበታል፤ ይህ ጦጣ በእኛም አገር በኦሞ ተፋሰስ ደኖች ይኖራል። የእንስሳት ሐኪም ነኝና የዜናው ሐዘን አልለቀቀኝም።

ገዳዩ ሜሊኦይዶሲስ የሚባል በሽታ ነበር። አምጪው ባክቴሪያ አፈርና ውኃ ውስጥ ይኖራል። ሊውጡት የመጡት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም በደም ተሰራጭቶ ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያ ላይ መግል ይቋጥራል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይሞታል። በሆንግ ኮንግ እንደሆነው ደም ሲመርዝ ደግሞ ለሕክምና ፋታ አይሰጥም።

በቄራ ሥጋ ስመረምር የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የያዘው የላም ሳንባ ቢላዋ ሲያርፍበት እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። የሜሊኦይዶሲስ እባጭ ሲቀደድ ግን መግል ይፈሳል። እንስሳው በሕይወት ሳለ ሁለቱም ክሳትና ሳል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሬሳው መከፈት ያለበት።

ሆንግ ኮንጎችም የበሽታውን ስም ካወቁ በኋላ ወደ አፈሩ ሄዱ። ከጦጣዎቹ ማደሪያ አጠገብ የመስኖ ቧንቧ ለመጠገን ተቆፍሮ ነበር፤ የተበከለው አፈር በሠራተኞች ጫማ ሳይገባ እንዳልቀረ ባለሥልጣናቱ ተናገሩ። በጫማ! ሬሳዎቹ እንዲሁ ተቀብረው ቢሆን ጫማውን ማን ይጠረጥር ነበር?

በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢም ሆነ በአንድነት ፓርክ፣ አጥቢ እንስሳ በሞተ ቁጥር ሐኪም ከፍቶ እንዲመረምርና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ ግን፣ በተለይ ከአፍንጫው ያልረጋ ደም ከፈሰሰ፣ ሬሳው ፈጽሞ አይከፈት፤ ከጆሮው የሚወሰድ ጥቂት ደም ለምርመራ ይበቃል። ሌላም አደራ አለኝ፦ ናሙናው ሁሉ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ አይግባ። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ላቦራቶሪው የሚያበቅለው ነገር አያገኝም። ከየአካሉ አንድ ቁራጭ ለብቻው በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ ተይዞ በዕለቱ ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ