ሞተሩን ከመግዛትሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺን በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና፣ ባጊሽን፣ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው በገዛ እጅሽ ገጣጥመሽ መጨረስሽ በጣም አኩርቶኛል። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፤ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ጉልበቱ የበዛ ሞተር ልትገዢ ነው። እባክሽ ለጊዜው ቆይ በይው። የነገርሽኝ ችግር ሞተር በመለወጥ የሚፈታ አይደለም።

«ከኩርባ ስትወጣ የሪሞቱን ቃታ ስስብ ኋላዋ ይሽከረከርና ፊቷን ወደመጣችበት ታዞራለች» ብለሻል። ያንቺ መኪና የምትነዳው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። ኋላዋ የሚያመልጠው ደግሞ ጎማዎቹ መሬቱን ጨብጠው ሊያሳልፉት ከሚችሉት በላይ ጉልበት ሲደርሳቸው ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሞተርሽ 3500 ኬቪ ነው፤ ይህም ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ 3500 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ7.4 ቮልት ባትሪ 25,900 ዙር ይሆናል። ትልቁ ማርሽ 78 ጥርስ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ 22፣ የማርሽ ሳጥኑ የውስጥ ምጣኔ 2.6 ከሆነ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ከ9 ጊዜ በላይ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በወረቀት ላይ በሰዓት ወደ 44 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መሬት ላይ ጭነትና ሰበቃ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ይህን ፍጥነት የምትጨርሺበት ቦታ የለሽም። የጎደለሽ መሬት መጨበጥ ነው፤ እሱም ከጎማና ከሾክ አብዞርበር ነው የሚገኘው።

ከጎማው ጀምሪ። የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣትሽ እየገፋሽ ከቸርኬው ጋር ዙሪያውን መጣበቁን እዪ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከተላቀቀ ኩርባ ላይ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። ፈጣን ማጣበቂያ ጠብ አድርጊበትና ይድረቅ። ከዚያ ጉጦቹን ተመልከቺ። ጠርዛቸው ስል የሆነ ጉጦች አፈሩን ይነክሳሉ፤ የተድበለበሉት ግን ይንሸራተታሉ። መሬቱ ላላ ያለ አፈር ከሆነ ረዘም ያሉ ጉጦች፣ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ከሆነ አጫጭርና ጥቅጥቅ ያሉ ይሻላሉ። ገንዘብ ማውጣት ካማረሽ እዚህ ላይ አውጪው፤ አልከለክልሽም።

ቀጥለሽ ሾኮቹን ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር ከሚያያይዘው ታችኛው ክንድ ፍቺያቸውና ክንዱን በጣትሽ አንሥተሽ ልቀቂው። በገዛ ክብደቱ ያለ ምንም መያዝ መውደቅ አለበት። መሀል ላይ ከቆመ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ የክንዱ ዘንግ ጠብቋል፣ አለዚያም ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ከመጠን በላይ ተጠብቋል። ይህ ሳይስተካከል የሞላና የዘይት ቁጥር መቀያየር ትርጉም የለውም። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። አንቺ አትዝለይው።

አሁን ወደ ሾኮቹ እንምጣ። እኔ እንደማምነው መኪናዋን መኪና የሚያደርጋት ይህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣችው አርሲ10 የተባለችው የአሜሪካ ባጊ እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በአሉሚኒየም ሻንሲዋና በአራቱም ማዕዘን በነበሩት ዘይት የተሞሉ ሾኮቿ ነው፤ ስለ ሞተሯ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ያንቺ ሾኮች ሥራቸው ያው ነው። ፒስተኑ በዘይቱ ውስጥ ሲያልፍ ዘይቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች እየተጨመቀ ያልፋል፤ የሞላውም መንጠር በዚያ ይገታል። ዘይቱ ውስጥ አየር ካለ ግን ፒስተኑ መጀመሪያ አየሩን ይጨምቃል፤ ለዚያች ቅጽበት ጎማውን የሚገታው ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ሞላዎቹን አውልቂና ሾኩን ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ሳቢና ዘይቱን እስከ አፉ ሙዪው። ከዚያ ፒስተኑን በጣም በዝግታ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺው። ከፒስተኑ ሥር ጥቃቅን አረፋዎች እየተከተሉ ሲወጡ ታያለሽ፤ አንዳንዱ የሾኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ቆርቆሮውን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርገሽ ነካ ነካ አድርጊው። ከዚያ አቁመሽ ተዪው። ሻይሽን ጠጥተሽ ብትመለሺ ላዩ ጠርቶ ታገኚዋለሽ። ሲጎድል ሙዪው፤ ክዳኑን ስትዘጊ ትርፉ ዘይት ይፍሰስ፣ አትሳሺለት፤ ጨርቅ ብቻ አንጥፊለት። ዘንጉን ገፍተሽ «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ አየር ቀርቷልና እንደገና ክፈቺው።

የግራና የቀኙ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ሁለቱን የኋላ ሾኮች ያለ ሞላ የዘንጎቻቸውን ጫፍ አጋጥመሽ በሁለት እጅሽ ግፊያቸው። ሁለቱም እኩል መግባት አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከገባ መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ሌላ ጠባይ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ሌላ ጠባይ ታሳይሻለች፤ በእንዲህ ዓይነት መኪና ምንም ነገር መማር አይቻልም።

ሾኮቹን መልሰሽ ገጥመሽ፣ ባትሪውን ጭነሽ፣ መኪናዋን ከ15 ወይም ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለጥ ባለ ነገር ላይ ልቀቂያት። ተረጋግታ ስትቆም የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሊሆኑ ይገባል። ካልሆኑ የሞላውን መያዣ ቀለበት እያዞርሽ አስተካክይ። በአንድ አሥረኛ መጠን ለተሠራች ባጊ ከሻንሲው ሥር እስከ መሬት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። የኋላ ጎማዎች ከላይ በኩል ወደ ውስጥ አንድ ዲግሪ ያህል ያዘንብሉ፤ እነዚሁ የኋላ ጎማዎች ከፊት ጠርዛቸው በኩል ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ ውስጥ ሦስት ዲግሪ ያህል ይዙሩ። አብዛኞቹ ባጊዎች በዚሁ ነው የሚጀምሩት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ኋላዋ አሁንም ካመለጠ፣ ማስተካከያው የሚጀምረው ያኔ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ቢኖር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንድትለውጪ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ኋላ ግፊው፤ ክብደት ሲጨመርባቸው የኋላ ጎማዎቹ ይበልጥ ይጨብጣሉ። ነድተሽ እዪና ጻፊ። አልበቃ ካለ ባትሪውን እዚያው ትተሽ የኋላውን ዘይት ከ350 ወደ 300 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) አቅጥኚው። ነድተሽ እዪና ጻፊ። ቀጥሎ ለስለስ ያለ የኋላ ሞላ። ሦስቱን አንድ ላይ ብትለውጪና መኪናዋ ብትሻል የትኛው እንደሠራ አታውቂም፤ ብትብስም የትኛው እንዳበላሸ አታውቂም። የአየሩንም ሙቀት ጻፊ፤ ሞቃት ቀን ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ፍሪሲዮኑንም ፈትሺ። ከቆመችበት ቃታውን ሙሉ በሙሉ ስትስቢ ለግማሽ ሜትር ያህል የመንሸራተት ድምፅ አሰምታ ብትይዝ ደግ ነው። ጭራሽ ካልተንሸራተተ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ጎማው ላይ ይወድቃል፤ ከዝላይ ስታርፍም የማርሹ ጥርስ ይበላል። በሁለቱ ማርሾች መካከል ስስ ወረቀት አስገብተሽ ሞተሩን እሰሪ፤ ወረቀቱን ስታወጪ የሚቀረው ክፍተት ትክክለኛው ነው። ብረት ከብረት የሚገናኝባቸው ብሎኖች ላይ የብሎን ማጣበቂያ አድርጊ፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አታስነኪው፣ ያሰነጥቀዋል። ጥቂት ደቂቃ ከነዳሽ በኋላ የሞተሩን ሙቀት ለኪ። ወደ 80 ዲግሪ ከተጠጋ ትንሹን ማርሽ ጥርሱ በሚያንስ ለውጪው።

ስለ ባትሪው የአባትሽ ቁጣ ጭምር አለበት። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3.2 በታች እንዲወርድ አትፍቀጂ። 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዘውን በ5 አምፒር ሙዪው፤ የሕዋሶቹን ቮልቴጅ የምታስተካክለውን ትንሿን መሰኪያ ሁልጊዜ ሰኪ። ቻርጅ ላይ ትተሽው አትውጪ፣ ትተሽውም አትተኚ። ለቀናት የማትነጂ ከሆነ በሕዋስ 3.8 ቮልት አድርገሽ አስቀምጪው። ካበጠ አለቀለት፤ ዳግመኛ እንዳትሞዪው። ስትጀምሪ ሪሞቱ ይቀድማል፣ መኪናዋ ትከተላለች፤ ስትጨርሺ መኪናዋን አጥፍተሽ ነው ሪሞቱን የምታጠፊው። አለዚያ ማንም ሳይዛት ልትፈተለክ ትችላለች።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ የኋላ ሾኮቹን የዘይት ቁጥር፣ ባትሪው የት ላይ እንደተቀመጠና ከነዳሽ በኋላ የሞተሩ ሙቀት ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። የጎማዎቹንም ፎቶግራፍ ከጎን በኩል አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ጉጦቹን ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ