የመሥሪያ ቤት የኢሜይል ፊልተር በጽሑፍ ይያዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሀዋሳ ውስጥ የጨረታ ጥሪ፣ የክፍያ ጥያቄና የሥራ ማመልከቻ በኢሜይል የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ ውሎ አድሮ ፊልተር፣ ማለትም የሚገባውን መልእክት በተሰጠው መስፈርት እየለየ ወደ ፎልደሮች የሚደለድል ትእዛዝ፣ ያስፈልገዋል። ፊልተሩን የሠራው ሠራተኛ ሲለቅ ግን ፊልተሩ እየሠራ ይቀራል፤ የትኛውን መልእክት ወደ የትኛው ፎልደር እንደሚልክ የሚያውቅ የለም። «አልደረሰንም» የተባለ ደብዳቤ ደርሶ ማንም በማይከፍተው ፎልደር ሊቀመጥ ይችላል። መፍትሔው የአንድ ገጽ ሰነድ ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው ፊልተሩ የሚሠራበት ቦታ ነው። ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የተሠራ ፊልተር የሚሠራው ፕሮግራሙ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የመጣው ሁሉ ኢንቦክስ ውስጥ ይከማቻል፤ ኃላፊውም በስልካቸው ያዩታል። መብራት ሲመጣና ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ አካውንቱ አይማፕ (መልእክቱ በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ማለትም በሰርቨሩ ላይ ሆኖ በሁሉም መሣሪያ እኩል የሚታይበት አሠራር) ከሆነ፣ መልእክቱ ከስልኩ ኢንቦክስም ይነሣል። ማንም አላጠፋውም፣ ፎልደር ቀይሯል። የጂሜይል ፊልተር ግን ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኮምፒውተር ቢዘጋም አይቆምም። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ተንደርበርድ ሳይታዘዝ አዲስ መልእክት የሚፈልገው ኢንቦክስ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ፎልደር የደለደለው መልእክት እንዲታወቅ፣ በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይህም ፎልደር ሁልጊዜ ይፈተሽ የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉም ይጻፍ። የተንደርበርድ ፊልተሮች ከላይ ወደ ታች ስለሚፈተሹ ሰፊው ከጠባቡ በላይ ከተቀመጠ ለጠባቡ የሚተርፍለት የለም። «ሁሉም ሲሟሉ» እና «አንዱ ሲሟላ» የሚሉትን የመስፈርት ምርጫዎች ማምታታትም የተለመደ ስሕተት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የራሳችን ፊደል ነው። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም። ለእኛ ሥራ እና ስራ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ርእሱ ላይ «ሥራ» ካለ ብሎ የተሠራ ፊልተር «ስራ» ብሎ የጻፈውን አመልካች ያልፈዋል። የከተማችን ስም እንኳ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ ይጻፋል። ደመወዝ እና ደሞዝም እንዲሁ። በሌላ በኩል ተንደርበርድ ላይ «ስራ» የሚለውን የያዘ ሁሉ ይነሣ ከተባለ፣ «ስብሰባው ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት» የሚል ርእስም ወደ ማመልከቻ ፎልደር ይገባል፤ «አስራ» ውስጥ «ስራ» አለና። ስለዚህ የተለያዩትን አጻጻፎች ሁሉ በ«አንዱ ሲሟላ» ሥር መዘርዘር፣ ከተቻለም «ስራ»ን ብቻውን ሳይሆን «የስራ ማመልከቻ» እና «የሥራ ማመልከቻ» ብሎ ማስገባት ይሻላል። ከዚህም የሚበልጥ መንገድ አለ፦ ፊልተሩን በርእስ ሳይሆን በላኪው አድራሻ ላይ መሥራት። ደብዳቤው በአማርኛም፣ በሲዳሙ አፎም፣ በእንግሊዝኛም ቢመጣ አድራሻው አይለወጥም። ላኪዎቹ የማይታወቁ ከሆነ ተቀባዩን መለየት ይቻላል፤ ጂሜይል ላይ ከስሙ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና «ጨረታ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል የተጨመረበት አድራሻ ለተጫራቾች ቢሰጥ፣ መልእክቱ እዚያው አካውንት ይገባል፣ ፊልተሩም በዚያ አድራሻ ይለየዋል።

በሰነዱ ላይ ለእያንዳንዱ ፊልተር አንድ መስመር ይበቃል፦ ተራ ቁጥሩ፣ አካውንቱ፣ ኮምፒውተር ላይ ይሁን ሰርቨር ላይ፣ መስፈርቱ ፊደል በፊደል ተቀድቶ፣ የሚሄድበት ፎልደር፣ ፎልደሩን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው የሥራ መደብ፣ የተሠራበት ቀን። የሥራ መደቡ እንዳይዘለል፤ ባለቤት የሌለው ፎልደር ከስፓም (ከማይፈለጉ መልእክቶች መጣያ) አይሻልም። የጂሜይል ስፓም ደግሞ ከ30 ቀን በኋላ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ ለዋና ዋና ደንበኞች በተሠራው ፊልተር ላይ ፈጽሞ ወደ ስፓም አይላክ የሚለው መመረጡ አብሮ ይመዝገብ። ጂሜይል ፊልተሮችን በፋይል ያወጣል፤ ፋይሉ ከሰነዱ ጋር ይቀመጥ።

ሰነዱ ሲያልቅ ከሌላ አድራሻ ለእያንዳንዱ ፊልተር አንድ የሙከራ መልእክት በ«ሥ» አንድ ደግሞ በ«ስ» ይላክና የት እንደገባ ይታይ። ተንደርበርድ ላይ የፊልተር ሎግ (ፊልተሩ የሠራውን የሚመዘግብ ዝርዝር) አለ፤ ተዘግቶ ስለሚመጣ ከሙከራው በፊት በፊልተሮች መስኮት ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ ከሀዋሳ