ስፒድም ፍጥነት፣ ቬሎሲቲም ፍጥነት?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ሰሞኑን የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ «ስፒድ ማለት ፍጥነት ነው» እና «ቬሎሲቲ ማለት ፍጥነት ነው» የሚሉ ሁለት መስመሮች ተከታትለው የተጻፉበትን ገጽ አሳየችኝና «ታዲያ ሁለት ስም ለምን አስፈለገ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገድ ላይ ይቀራል።

ስፒድ የሚለካው በተወሰነ ጊዜ የተሸፈነውን መንገድ ብቻ ሲሆን፣ ቬሎሲቲ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ቀጥተኛ ርቀትና አቅጣጫውን ይጠይቃል። ለዚህ ለእኛ ለደሴ ሰዎች ከሐረጎ ቁልቁለት የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ እንጂ በቀጥታ መስመር ቢለካ ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። ሚኒባሱ በ40 ደቂቃ ቢደርስ አማካይ ስፒዱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አማካይ ቬሎሲቲው ግን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ያው ሚኒባስ ተመልሶ ደሴ መናኸሪያ ከተነሣበት ቦታ ቢቆም፣ ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥሎም የደርሶ መልሱ አማካይ ቬሎሲቲ ዜሮ ነው። ተማሪዎች በዚህ ይደነቃሉ፤ መደነቃቸውም የመረዳት መጀመሪያ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የኩርባው ነገር ነው። በቅርቡ ሐረጎን ስወርድ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበር። የፍጥነት መለኪያው 30 ላይ እንዳለ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ እግሬ ሥር የነበረው የውሃ ጀሪካን ተንሸራቶ ከግራው በር ጋር ተጋጨ። ስፒዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቅጣጫው፣ ማለትም ቬሎሲቲው ነው። መኪናውን ወደ ኩርባው ውስጥ የሚስበው የጎማውና የአስፋልቱ ሰበቃ ሲሆን፣ በዚያው ኩርባ ስፒዱ እጥፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ይህ ኃይል ከየት ይመጣል? ቬሎሲቲን «ፍጥነት» ብቻ ብሎ የተማረ ልጅ፣ ነገ መሪ ሲጨብጥ መለኪያው ንቅንቅ ካላለ ምንም የተለወጠ አይመስለውም።

ስለዚህ መምህራን ቬሎሲቲን በአማርኛ ሲያብራሩ «አቅጣጫ ያለው ፍጥነት» እንዲሉ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። የእህቴ ልጅ በፈተናዋ ላይ ቬሎሲቲ ስትጠየቅ ቁጥሩን ብቻ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች፤ «ወደ ደቡብ ምሥራቅ» ያላለ መልስ ሙሉ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ